ኮሌጁ «ተሳክቶልናል» ሲል ምን ቆጥሮ ነው?

ሰኔ ሲገባደድ ኮሌጆች የዓመት ሥራቸውን ይደረድራሉ። ይህን ያህል ተማሪ የመውጫ ፈተና አለፈ፣ ይህን ያህል መምህር ጽሑፍ አሳተመ፣ እገሌ የተባለው የቀድሞ ተማሪያችን ለዚህ በቃ ይባላል፤ ፎቶው በቴሌግራም ይለቀቃል፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» ይጎርፋል። ደስታው ተገቢ ነው። ግን አንድ ወላጅ ዝርዝሩን ይዞ «ይህን የት ሄጄ ላረጋግጥ?» ቢል ብዙውን ጊዜ የሚመራበት ቦታ የለም።

በወሎ ምድር ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፦ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በወልድያ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም። የምሕንድስና ትምህርት ክፍል የሠራውን ማሽን አውጥቶ ያሳያል፤ የጤና ኮሌጅ የታከመ ሰው ይቆጥራል። ታሪክ፣ አማርኛ፣ ጂኦግራፊ፣ ሶሲዮሎጂ የሚያስተምር የማኅበራዊ ሳይንስና ሥነ ሰብዕ ኮሌጅ ግን ያፈራው ነገር በእጅ አይዳሰስምና ቁጥር ላይ ይንጠለጠላል። አቆጣጠሩ ያልተነገረ ቁጥር ደግሞ ድካምንም ብርታትንም እኩል ይሸፍናል። በወሎ ይበልጥ የሚሸፈነው ብርታቱ ነው፤ ለምን እንደሆነ ብራናውና መንዙማው ላይ ስንደርስ ይታያል።

ያለፈው ከስንቱ ነው?

አገር አቀፉ የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ዘርፎች መሰጠት የጀመረው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ነው፤ ማለፊያው 50 ከመቶ። በዚያ ዙር 150,184 ሰው ተፈትኖ 61,054 አለፈ፣ 40.65 በመቶ መሆኑ ነው። ይህ ድምር ግን ሁለት የማይገናኙ ውጤቶችን አዳብሎ የያዘ ነበር፦ ከመንግሥት ተቋማት 77,981 ተፈትነው 48,632 (62.4 በመቶ) ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት 72,203 ተፈትነው ያለፉት 12,422 (17.2 በመቶ) ብቻ ናቸው። ስለዚህ አንድ የመንግሥት ኮሌጅ በዚያ ዓመት 55 በመቶ አሳልፎ «ከአገር አቀፉ አማካይ በ14 ነጥብ በለጥን» ቢል አልዋሸም፤ ከመሰሎቹ ግን በሰባት ነጥብ ገደማ ያንሳል።

ሁለተኛው ወጥመድ ማካፈያው ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ትምህርት ክፍል 52 ተማሪ ተመደበለት እንበል። ትምህርቱን ለማቋረጥ ዊዝድሮዋል የሞላው፣ በውጤት የተሰናበተው፣ ወደ ሌላ ክፍል የተዛወረው ተቀንሶ 40 ለመመረቅ ደረሱ። ከ40ው 36 ተፈተኑ፣ 27 አለፉ። ከተፈተኑት ካየነው 75 በመቶ፣ ለምርቃት ከደረሱት ካየነው 67.5 በመቶ፣ ከተመደቡት ካየነው 52 በመቶ ግድም ነው። ሦስቱም ስሌት ትክክል ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያው ነው፤ ለተማሪ ወላጅ ደግሞ የሚጠቅመው ሦስተኛው ነው። በዚህ ላይ ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚሰጥ ዳግም ተፈታኞች አሉ። ባለፈው ዙር ወድቆ ዘንድሮ ያለፈ ተማሪ በአምናው ምድብ መቆጠር ሲገባው ከዘንድሮዎቹ ጋር ይደመራል፤ ያኔ የዘንድሮው ውጤት የማንም ውጤት ያልሆነ ቅይጥ ይሆናል።

የተማሪው ቁጥር ማነሱም አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በጥብቅ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ በዚያ ዓመት ከ896,520 ውስጥ 29,909፣ በ2015 ከ845,188 ውስጥ 27,267፣ በ2016 ከ674,823 ውስጥ 36,409 ነበር። በሪሚዲያል (በአቅም ማሻሻያ ትምህርት) የሚገቡት ቢታከሉም ወደ ታሪክ ወይም ወደ ሲቪክስ የሚደርሰው ጥቂት ነው። 12 ተማሪ ባለው ክፍል አንዱ በታመመ ቀን ተፈትኖ ቢወድቅ ውጤቱ በ8.3 ነጥብ ይወርዳል። ከ20 ተማሪ በታች ያለው ክፍል መቶኛውን ትቶ «ከ12 ዘጠኙ አለፉ» ቢል ይሻለዋል። በመቶኛ ሲነገር 75 ነው፤ ከአምናው 83 ጋር ሲተያይ ኮሌጁ የተበላሸ ይመስላል። የተለወጠው ግን አንድ ሰው ነው።

መምህራኑ ስንት ጻፉ?

ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርና ወደ ፕሮፌሰር የሚያደርሰው መንገድ በዋናነት በታተመ የምርምር ጽሑፍ የተነጠፈ ነው። ስለዚህ መምህሩ ይጽፋል፣ ኮሌጁ ይቆጥራል፤ ቆጠራው ላይ ነው ነገር የሚበላሸው።

አንድን ጽሑፍ ለማጣራት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። መጀመሪያ ዲኦአይ የሚባለውን በ10 የሚጀምር መለያ ወስዶ በዲኦአይ መፈለጊያው ገጽ ላይ ማስገባት ነው፤ ወደ ጽሑፉ ካላደረሰ ወይም ወደ ሌላ ጽሑፍ ከወሰደ እዚያው ማቆም። ቀጥሎ መጽሔቱን በስሙ ሳይሆን አይኤስኤስኤን በተባለው ስምንት አኃዝ ቁጥሩ፣ የምርምር መጽሔቶች ዓለም አቀፍ መዝገብ በሆነው ስኮፐስ ላይ መፈለግ። በስሙ ከፈለጉት ተመሳሳይ ስም ያላቸው መጽሔቶች ያሳስታሉ። ከተገኘ በኋላ የሚታየው ዋናው ነገር ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት እንደተመዘገበ ነው። ብዙ መጽሔት ለተወሰነ ጊዜ ተመዝግቦ ጥራቱ ሲወርድ ይሰረዛል፤ የድሮውን ምዝገባ እያሳየ ግን ክፍያ መሰብሰቡን አይተውም። ከዚህ የከፋው የተሰረቀ መጽሔት ነው፦ የእውነተኛውን መጽሔት ስምና ቁጥር ገልብጦ የሐሰት ገጽ የሚከፍት አለ፤ ጽሑፉ «ታተመ» ከተባለ በኋላ በእውነተኛው መጽሔት ማውጫ ውስጥ አይገኝም። መድኃኒቱ ወደ መጽሔቱ ገጽ በኢሜይል በመጣ ሊንክ አለመግባት፣ ከስኮፐስ ወይም ከአይኤስኤስኤን መዝገብ ተነስቶ መግባት ነው። በመጨረሻ የቀረበበትንና ተቀባይነት ያገኘበትን ቀን ማየት። በአምስት ቀን «ተገምግሞ» የታለፈ የታሪክ ጽሑፍ ማንም አላነበበውም።

ጽሑፉ ደህና ሆኖም በቆጠራ ይባዛል። የዩኒቨርሲቲ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ መጽሔቱ የሚሄደው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ግንቦት 2016 ላይ የተቀባይነት ደብዳቤ ያገኘ ጽሑፍ በዚያ ዓመት ሪፖርት ይገባል፤ መስከረም 2017 በኢንተርኔት ሲወጣ ደግሞ ይገባል፤ ቅጽና ቁጥር ተሰጥቶት በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሲታተም በሌላ ሰው የሪፖርት ቅጽ ላይ ይታያል። ሦስት መምህራን አብረው የጻፉት ደግሞ በሦስቱም የግል ሪፖርት አለ፤ ዲኑ የግል ሪፖርቶችን ሲደምር አንዱ ሦስት ይሆናል። ሁለቱንም የሚፈታው ቀላል ነገር ነው፦ ኤክሴሉ ላይ የዲኦአይ ዓምድ መክፈት፣ የተደገመውን በሙሉ ማውጣት፣ የቀረውን በመጀመሪያ በወጣበት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ መመዝገብ። የኮሌጁ ቁጥር በአንድ ጊዜ ሊያሽቆለቁል ይችላልና ይህን የሚያደርግ ዲን ትንሽ ድፍረት ያስፈልገዋል።

ወሎ ላይ ደግሞ የስም ጣጣ ይጨመራል። የውጭ የመረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዛሉ፤ የእኛ የመጨረሻ ስም የአባት ወይም የአያት ስም ነው። መሐመድ፣ አህመድ፣ ሰይድ፣ አሊ፣ ሐሰን በተደጋገሙበት አገር «አህመድ» በሚለው ስር የማይዛመዱ አሥር መምህራን ይታጎራሉ። በተቃራኒው መሐመድ የሚለውን በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ በአንድ፣ ሌላ ጊዜ በሁለት ኤም የጻፈ አንድ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ይታያል፤ ጽሑፉን የጠቀሱለት ሰዎችም ለሁለት ይከፈሉበታል። አንዱን ተመራማሪ ከሌላው የሚለየው፣ 16 አኃዝ ያለው የኦርኪድ ቁጥር በነፃ ይወጣል፤ መምህሩ ከመጀመሪያ ጽሑፉ በፊት አውጥቶ፣ የስሙንም አጻጻፍ አንዴ ወስኖ ሳይቀይር ቢይዝ ይህ ሁሉ አይመጣም። ዘግይቶ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን የእያንዳንዱን ጽሑፍ ባለቤትነት በተናጠል ማስረዳት ይጠይቃል።

ቆጠራው የማያየው ሥራ

ደሴ ተቀምጦ ታሪክ ወይም አማርኛ የሚያጠና ሰው ሌላ አገር ያለ ባልደረባው የማያገኘው ሀብት በዙሪያው አለ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያደራጁት ገዳም ነው። ለእርሳቸው የተጻፈው ወንጌል በ1273 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1280/81) የተጻፈ መሆኑ ስለሚታወቅ፣ ጊዜያቸው በውል ከተለየ ጥንታዊ የኢትዮጵያ ብራናዎች አንዱ ነው። በሌላ በኩል ጀማ ንጉሥ፣ ገታና ዳና አሉ፤ ደረሳ (ተማሪ) ከሩቅ የሚሰበሰብባቸው፣ መንዙማ የተደረሰባቸውና የተገለበጠባቸው የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ የመጣውን የግዳጅ ሃይማኖት ለውጥ ከተቃወሙት ዑለማእ (የእስልምና ሊቃውንት) አንዱ ሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር በአማርኛ የደረሱት መንዙማ በዓረብኛ ፊደል ነው የተጻፈው፤ አጀሚ የምንለው ማለት ነው።

አጀሚን ወደ ግዕዝ ፊደል መመለስ ከውጭ ሲያዩት የግልባጭ ሥራ ይመስላል። የዓረብኛ የአናባቢ ምልክቶች ፈትሃ፣ ከስራና ደማ ሦስት ናቸው፤ አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው። ለገ፣ ለቸ፣ ለጨ፣ ለኘ የሚሆን ፊደል በመደበኛው ዓረብኛ የለም፤ ጸሐፊው ቅርብ የመሰለውን ፊደል ይወስዳል ወይም ነጥብ ይጨምራል፣ የአንዱ ጸሐፊ ልማድ ደግሞ ከሌላው አይገጥምም። ስለዚህ አንድ ስንኝ ሦስት ዓይነት ሊነበብ ይችላል፤ ትክክለኛውን የሚለየው ግጥሙን በቃሉ የያዘ ሰው ነው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው። በደንብ የተሠራ የአንድ መንዙማ እትም የመምህሩን ዓመት ይበላል። በማዕረግ እድገት ሚዛን ላይ ሲወጣ ቢበዛ አንድ ጽሑፍ ነው፤ በአማርኛ ከታተመ ደግሞ ስኮፐስ ላይ ስለማይገኝ ከዚያም በታች። በዚያው ዓመት በእንግሊዝኛ ሦስት የመጠይቅ ጥናት ያወጣ ባልደረባው ይቀድመዋል። በመጠይቅ ጥናት ላይ ቂም የለንም፤ ሚዛኑ ግን ወሎ ብቻ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ እየቀጣ ነው።

መፍትሔውን በአንድ ምሳሌ እንየው። የኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በኢትዮጵያ የብራና ማይክሮፊልም ፕሮጀክት ውስጥ 1832 የሚል ቁጥር አለው። ያንን ቁጥር የያዘ ሰው የትም ቢሆን ስለ የትኛው መጽሐፍ፣ ስለ የትኛው ቅጠል እንደሚናገር ያውቃል፣ ሊከራከርም ይችላል። በአገራችን ኮሌጆች «ቅርስ በዲጂታል አስቀመጥን» ተብሎ የሚነገረው ብዙው ሥራ ይህ ይጎድለዋል፤ ፎቶው አለ፣ ቁጥር የለም፣ ስለዚህ ማንም ሊጠቅሰው አይችልም፤ ያልተጠቀሰ ደግሞ አይቆጠርም።

ሥራው እንዲቆጠር ሆኖ ሲሠራ ይህን ይመስላል። ከካሜራው በፊት ፈቃድ ይመጣል፦ ለገዳም ከሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ተይዞ ለአበምኔቱ፣ ለመንዙማ ለሼሁና መጽሐፉን ለያዘው ቤተሰብ። ፈቃዱ ሦስት ነገር ለይቶ መጻፍ አለበት፦ ማንሳት፣ ማስቀመጥ፣ ለሕዝብ መልቀቅ። አንዱን የፈቀደ ሁሉንም አልፈቀደም፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ መጽሐፉ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቅጠሉ ከፊትና ከጀርባ ተለይቶ ይቆጠራል። የአጀሚ መጽሐፍ ከቀኝ እንደሚገለጥ ያልተነገረው አንሺ የፋይሎቹን ቅደም ተከተል ከኋላ ወደ ፊት ይሰጣቸዋል፤ ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። በእያንዳንዱ መጽሐፍ መጀመሪያ ምስል ላይ ማስመሪያና የቀለም ካርድ ይገባል። ዋናው ፋይል ቲፍ ይሆናል፤ ለንባብ የሚሰጠው ጄፔግ። 150 ቅጠል ያለው ብራና 300 ገጽ ነው፤ ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ያልታመቀ ቲፍ በገጽ 72 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳልና መጽሐፉ ብቻውን ወደ 22 ጊጋባይት ይጠጋል። ዜማ ከሆነ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት በስቴሪዮ ዌቭ የተቀዳ የአንድ ሰዓት ሐድራ (መንዙማ የሚዜምበት የጸሎት ስብሰባ) አንድ ጊጋባይት ያህል ነው። ቦታ ለመቆጠብ በኤምፒ3 ብቻ የቀዳ ሰው የድቤውን ጫፍና የጭብጨባውን ጥራት አጥቶታል፤ መልሶ አያገኘውም።

ማስቀመጫውን በተመለከተ ወሎ የከፈለው ዋጋ አለ። ወልድያ ከነሐሴ 2013፣ ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ ከጥቅምት 2014 መገባደጃ ጀምሮ በጦርነቱ ተይዘው በቆዩበት ጊዜ ወሎና ወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል። ኮምፒውተር ሲሄድ በውስጡ ያለው ጥናት አብሮ ይሄዳል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከከተማ ውጭ የሚለው ደንብ በየትም አገር ይሠራል፤ የደሴን ቅጂ ኮምቦልቻ ማስቀመጥ ግን ከከተማ ውጭ ማስቀመጥ አይደለም፤ ሁለቱ የወደቁት በተከታታይ ቀናት ነው። ሦስተኛው ቅጂ ከወሎ ውጭ ይሁን፤ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም አዲስ አበባ ያለ ቤተ መጻሕፍት ጋር በስምምነት።

የቀድሞ ተማሪዎች

ስለ ተመራቂዎች የሚወራው አብዛኛው ነገር ስለ ሹመት ነው። የተሾመውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል፤ ከሹመቱ ሲነሳ ፎቶው ሳይወርድ ይቀራል። ወግዲ፣ ከላላ ወይም መርሳ ውስጥ ታሪክ የሚያስተምረው ተመራቂ፣ ላሊበላ ላይ እንግዳ የሚያስጎበኘው፣ የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ የሚይዘው አይታይም።

ይህን ለማስተካከል የሚደረገው የተመራቂዎች ክትትል ጥናት አንድ ነገር ላይ ይወድቃል፦ የማይመልሱት ላይ። ለአብነት 120 ተመራቂ ተፈልጎ 54 ተገኙ፣ ከእነርሱ 41ዱ ሥራ አላቸው እንበል። ሪፖርቱ 76 በመቶ ይላል። ያልተገኙት 66 ግን ከተገኙት ጋር አይመሳሰሉም፤ ሥራ የያዘ ሰው ስልክ ያነሳል፣ ያላገኘ ያፍራል። ያልተገኙት ሁሉ ሥራ ፈት ቢሆኑ እውነተኛው 34 በመቶ ነው፤ ሁሉም ሥራ ቢኖራቸው 89። በ34ና በ89 መካከል ያለ ነገር «76» ተብሎ መጻፉ ያሳዝናል። ቢያንስ የተገኙት ስንት እንደሆኑ አጠገቡ ይጻፍ።

ለምን አይገኙም? ሲም ካርድ ይቀየራል። ከወሎ ወደ ሳዑዲና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው፤ ዲግሪ የያዘም አለበት፤ በኢትዮጵያ ቁጥሩ አይገኝም፣ በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ግን ይገኛል። በኢንተርኔት ቅጽ መላክም አስተማማኝ አይደለም፤ ከነሐሴ 2015 በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በዚያ መንገድ የተሰበሰበ መረጃ ማንን እንደያዘና ማንን እንደጣለ መገመት አያስቸግርም። ከተመራቂው ቁጥር ጋር የቤተሰብ አንድ ስልክ፣ የእናት ቢሆን ይመረጣል፣ በምርቃት ሳምንት መያዝ ከማንኛውም ቅጽ ይበልጣል።

ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ያለው፣ ግን እምብዛም የማይጠቀምበት አንድ በር አለ፤ ሬጅስትራር። ተመራቂ የወጪ መጋራት ዕዳውን እስኪጨርስ ዋናው ዲግሪ አይሰጠውም፤ በጊዜያዊው ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ ወይም ዋናውን ለመውሰድ ተመልሶ ይመጣል። በዚያ መስኮት የሚሞላው ቅጽ ላይ አራት ጥያቄ መጨመር በቂ ነው፦ አሁን የት ትሠራለህ፣ ሥራውን ያገኘኸው ከተመረቅህ ስንት ወር በኋላ ነው፣ በዲግሪህ ዘርፍ ነው ወይ፣ ስምህ እንዲወጣ ትፈቅዳለህ? የመጨረሻው ጥያቄ እንደ ጌጥ አይታይ። በጦርነት ባለፈ አካባቢ የአንድን ሰው ስም፣ ፎቶና የሥራ ቦታ ሳይጠይቁ ማውጣት ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

የተማሪዎቹን ሥራ በተመለከተ ብዙ ማለት አያሻም። ዋናው ሲኒየር ኤሴዩ፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፉ ነው፤ በየዓመቱ ታትሞ፣ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቆልላል፣ ከዚያ አቧራ ይጠጣል። ከባቲ ገበያ እስከ አምባሰል ቅኝት ድረስ ማንም ያልጻፈበት ጉዳይ በተማሪ እጅ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ጥራቱ ይለያያል፣ ቃለ መጠይቆቹ ግን መልሰው አይገኙም። የአማካሪውን ፈቃድ ይዞ በፒዲኤፍ ማስቀመጥ፣ ቃለ መጠይቅ የተደረገለትን ሰው ስም መሸፈን፣ በርዕስና በወረዳ መፈለግ እንዲቻል ማድረግ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የክረምት ሥራ ነው። በውድድር ዋንጫ ያገኘ ተማሪ ከሆነ ደግሞ ስንት ተወዳዳሪ እንደነበረ ይጻፍ፤ ከሦስት ቡድን ሁለተኛ መውጣትና ከሠላሳ ሁለተኛ መውጣት አንድ አይደለም።

ይህን ሁሉ የሚይዘው ሰነድ አንድ ኤክሴል ገጽ ነው። ዓምዶቹ፦ ምን ተሠራ፣ ማን ሠራው፣ መቼ፣ ከስንት ውስጥ፣ ማስረጃው የት ይገኛል፣ ማን አጣራው፣ ባለቤቱ እንዲወጣ ፈቅዷል ወይ። የሚሞላው በየትምህርት ክፍሉ የተመደበ አንድ ሰው ነው፤ የሚያጣራው የሌላ ክፍል ሰው ይሁን፣ የራስን ሰው ሥራ ማጣራት አይቻልምና። በየሦስት ወሩ ይሞላል፤ ሰኔ ላይ በጥድፊያ የሚሞላ ገጽ ሁልጊዜ የተጋነነ ነው። ሰኔ 30 ይዘጋል። ማስረጃ ያልቀረበለት መስመር አይሰረዝም፣ ለማስታወቂያም አይወጣም፤ «ማስረጃ ይጠበቃል» ተብሎ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገራል፤ በሁለተኛው ዓመትም ካልመጣ ይወርዳል።